የፓፓያ ስሞችና የዘሩ ታሪክ

ጤፍ ስንገዛ ማኛ ነው ሰርገኛ ብለን እንጠይቃለን። ቡና ስንገዛም የይርጋጨፌ ነው የሐረር ብለን እንመርጣለን። ፓፓያ ላይ ስንደርስ ግን ጥያቄያችን "በስሏል ወይ?" ከማለት አያልፍም። ስም የሌለው ፍሬ ይመስለናል። ስም ግን አለው፤ ያውም ብዙ። ማኅበራችን ከቁጠባው ቀንሶ ፓፓያ ይትከል ወይስ ይቅር በሚል እየተነጋገርን ባለንበት በዚህ ወቅት፣ እነዚህ ስሞች ከየት እንደመጡ ማወቁ ለውሳኔያችን ይረዳል ብለን ይህን ጽሑፍ አዘጋጅተናል። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

የፓፓያ የትውልድ አገሩ ደቡብ ሜክሲኮና መካከለኛው አሜሪካ ነው። በ16ኛው ክፍለ ዘመን ስፔናውያን ወደ ካሪቢያን ደሴቶች፣ ቀጥሎም ፓስፊክ ውቅያኖስን አሻግረው ወደ ፊሊፒንስ ወሰዱት። ከዚያ በማላካ በኩል ህንድ ገባ። እንደ ሙዝ ወይም እንደ እንሰት ችግኝ ተሸክሞ መጓዝ አላስፈለገም። ከአንድ ፍሬ ብዙ መቶ ዘር ይወጣል፤ ታጥቦ በደንብ ከደረቀ በጨርቅ ተቋጥሮ ባሕር ይሻገራል።

ችግሩም የሚጀምረው ከዚሁ ከዘሩ ነው። ፓፓያ ሦስት ዓይነት ዛፍ አለው፦ ወንዴ፣ ሴቴ፣ እንዲሁም ወንዴና ሴቴን በአንድ አበባ ላይ የያዘ። ወንዴው በረጃጅም ዘንግ ላይ አበባ ያንዠረግጋል እንጂ ለገበያ የሚሆን ፍሬ አይሰጥም። የሴቴዋ ፍሬ ድቡልቡል ነው። ሁለቱንም የያዘው ዛፍ ፍሬ ሞላላ ሆኖ፣ ሥጋው ወፈር፣ የዘሩ ጉድጓድ ጠበብ ይላል፤ ነጋዴም የሚወደው ይህን ነው። ታዲያ ነፋስና ነፍሳት የአንዱን ጓሮ የአበባ ብናኝ ወደ ሌላው ጓሮ ስለሚወስዱ፣ ዛሬ ከበላነው ጣፋጭ ፍሬ ያስቀመጥነው ዘር ነገ ምን እንደሚያወጣ እርግጠኛ መሆን አይቻልም። እናቱ ትታወቃለች፤ አባቱ አይታወቅም። በየጓሯችን ያለው ፓፓያ አብዛኛው እንዲህ ሲደባለቅ የኖረ ነው። ስም ያላቸው ዝርያዎች ስም ያገኙት ከትውልድ ትውልድ አባቱን የሚቆጣጠር ሰው ስላገኙ ነው።

ከእነዚህ ዝነኛው "ሶሎ" ነው። በ1911 ከካሪቢያን ደሴት ከባርቤዶስ ወደ ሃዋይ ገባ፤ ስሙን ያገኘው በ1919 ነው። ቃሉ በስፔንኛ "ብቻ" ማለት ሲሆን፣ ፍሬው ትንሽ ስለሆነ አንድ ሰው ብቻውን ይጨርሰዋል ለማለት ነው። ክብደቱ ግማሽ ኪሎ ገደማ ነው። (እኛ አገር ፍሬ ለእንግዳ፣ ለጎረቤትና ለልጆች ተቆርሶ ስለሚበላ "ብቻ" የሚል ስም የሚያወጣለት አይገኝም ነበር።) እስከ 1936 ድረስ በሃዋይ ለገበያ የሚመረተው እርሱ ብቻ ሆነ። ገበሬው የወደደለት ጣዕሙን ብቻ አይደለም። የሶሎ ሁለት ጾታ ዛፍ በራሱ ብናኝ ብቻ ካፈራ፣ ከዘሩ ወንዴ አይወጣም። ከሦስት ችግኝ በአማካይ ሁለቱ ሞላላ ፍሬ የሚሰጡ፣ አንዷ ሴቴ ትሆናለች። ከሶሎ ቤተሰብ በኋላ ቢጫ ሥጋ ያለው ካፖሆ፣ በ1968 ደግሞ ቀይ ሥጋ ያለው ሰንራይዝ ወጡ።

ለእኛ ከሁሉም የሚጥመን ግን የማራዶል ታሪክ ነው። ይህ ዝርያ በ20ኛው ክፍለ ዘመን የወጣው ኩባ ውስጥ ነው። አዶልፎ ሮድሪጌዝ ሪቬራ የተባለ ሰው ለዓመታት እየመረጠና እያዳቀለ አወጣው። ስሙን ሲያወጣለት የሚስቱን የማሪያን ስም መጀመሪያና የራሱን የአዶልፎን ስም መጀመሪያ አጋጥሞ ማራዶል አለው። የእሷ ይቀድማል። ማራዶል ትልቅ ነው፤ አንዱ ከአንድ ኪሎ ተኩል በላይ ሊመዝን ይችላል። ሥጋው ቀይ ነው፤ መንገድም ይችላል። ዛሬ ሜክሲኮ በብዛት አምርታ ወደ አሜሪካ የምትልከው ይህንኑ ነው። በየአገሩ የዘር ቋጠሮ የሚገኘው በሴቶች እጅ ሆኖ ሳለ ስማቸው በዝርያ ላይ ሲወጣ የምንሰማው ከስንት አንዴ ነው፤ ስለዚህ ይህችን ማሪያ ሳናነሣት ማለፍ አልሆነልንም።

ወደ ሃዋይ እንመለስ፤ ምክንያቱም በአንድ ዝርያ ላይ ብቻ መደገፍ ምን እንደሚያስከትል የታየው እዚያ ነው። በ1940ዎቹ ኦዋሁ በተባለችው ደሴት ላይ የፓፓያ ቫይረስ ተገኘ። ቅጠሉን ያኮማትራል፣ በፍሬው ላይ ክብ ክብ የቀለበት ምልክት ያወጣል፣ ዛፉን እያደከመ ምርቱን ይገድላል። ከዛፍ ወደ ዛፍ የሚያደርሱት ክሽክሽ የምንላቸው ጥቃቅን ነፍሳት ናቸው። መድኃኒት ስላልተገኘለት ገበሬዎቹ ሸሽተው ፑና ወደሚባለው የሌላ ደሴት ወረዳ ሄዱና በእሳተ ገሞራ ድንጋይ ላይ ካፖሆን ተከሉ። በ1992 ቫይረሱ እዚያም ደረሰባቸው። በስድስት ዓመት ውስጥ ምርቱ በግማሽ ገደማ ወረደ።

የሃዋይ ተወላጅ የሆነው ሳይንቲስት ዴኒስ ጎንሳልቬስ ከባልደረቦቹ ጋር ከቫይረሱ አንድ ዘረመል ወስዶ በፓፓያ ውስጥ አስገባ፤ ነገሩ ከክትባት ጋር ይመሳሰላል። በዚህ መንገድ ቀይ ሥጋ ያለው ሰንአፕ ተገኘ። እርሱን ከካፖሆ ጋር በማዳቀል ደግሞ ቢጫው ሬንቦ ወጣ። በ1998 ዘሩ ለገበሬዎች በነጻ ታደለ፤ እርሻውም ከመጥፋት ዳነ። ሁሉም ግን አልተደሰተም። ዘረመሉ የተለወጠ ፍሬ አንበላም ያሉ ነበሩ፤ ብናኙ ወደ እርሻችን ይገባብናል ብለው የሰጉ ገበሬዎችም ነበሩ። ዋነኛ ገዢ የነበረችው ጃፓን ሬንቦን የፈቀደችው በ2011 ነው። ሁለቱም ወገን የሚለው ነገር አለው፤ እኛ የምናስተውለው ግን ሬንቦ ዲቃላ በመሆኑ ከፍሬው የተቀመጠ ዘር እንደ ወላጁ አንድ ዓይነት ሆኖ አይወጣም።

በምሥራቅ አፍሪካ ስሙ የሚሰማው "ሬድ ሌዲ" እንዲሁ ዲቃላ ነው፤ የታይዋን ነው። ዛፉ ገና አጭር ሳለ ያፈራል፣ ሥጋው ቀይ ነው፣ ያንንም ቫይረስ በመጠኑ ይቋቋማል። ህንዶች ኩርግ ሃኒ ዲው የሚባል ወንዴ የማያበቅል ዝርያ አላቸው። ታይላንዶች ደግሞ ኬክ ዳም የሚሉትን ሳይበስል ከትፈው በቃሪያና በሎሚ ሰላጣ ይሠሩታል።

አሁን ወደ ሂሳባችን። መቶ ጉድጓድ ቆፍረን ከጓሮ ፍሬ የወጣ፣ ወንዴና ሴቴው እኩል የሆነ ዘር በየጉድጓዱ አንድ አንድ ብንተክል፣ ሃምሳ ያህሉ ወንዴ ሊሆን ይችላል። ለማዳቀል የሚያስፈልገን ከመቶው አምስት ወይም አሥር ወንዴ ነው። የቀረውን ወራት ውኃ ካጠጣነውና ካረምነው በኋላ አበባው ሲታይ እንቆርጠዋለን፤ ይህ በመዝገብ ላይ በቀጥታ ኪሳራ ነው። በጥንቃቄ የተያዘ የሶሎ ዓይነት ዘር በየጉድጓዱ ሦስት ሦስት ብንተክልና አበባ ሲያወጣ ሞላላውን ፍሬ የሚሰጠውን አንዱን ብቻ ብናስቀር፣ ሦስቱም ሴቴ የሚሆኑበት ጉድጓድ ከ27 አንዱ ነው። ከመቶው 96 ያህሉ የምንፈልገውን ዛፍ ይይዛል ማለት ነው። ዲቃላው ምርቱ ጥሩ ነው፤ ግን በተከልን ቁጥር ዘር መግዛት ስላለብን የዘሩ ዋጋ ቋሚ ወጪ ሆኖ ይቀመጣል።

የእኛ አስተያየት ወደ ሶሎው ያደላል፤ ዘሩን ራሳችን ልናቆየው እንችላለንና። ሥራው ከባድ አይደለም፦ ከሁለት ጾታው ዛፍ ላይ ያልፈነዳ እምቡጥ መርጦ በወረቀት ከረጢት ሸፍኖ ማሰር፣ ፍሬ ሲይዝ ከረጢቱን አውልቆ በክር ምልክት ማድረግ፣ ሲበስል የዚያን ፍሬ ዘር ለብቻው ማድረቅ። የሚፈልገው በየጊዜው የሚከታተል ሰው ነው። ሦስት እህቶች ብናገኝ ይበቃል፤ ፈቃደኛ የሆናችሁ እስከሚቀጥለው ስብሰባ ስማችሁን ለጸሐፊያችን አስመዝግቡ።