ብርሃን በስንት ይለካል?

ጨንቻ አጠገብ፣ ዶርዜ ላይ፣ ከቀርከሃ ተጎንጉኖ የሚቆመው ረጅሙ ቤት የጋሞን ደጋ ብርድ ይመክታል፤ ብርሃን ግን እንደ ልብ አያስገባም። መስኮት ስለሌለው የቀኑ ብርሃን በአመዛኙ የሚዘልቀው በደጃፉ በኩል ነው። የሸማኔ ሥራ ደግሞ ዓይን ይፈልጋል፤ ድሩ ሲበጠስ ጫፉን ፈልጎ መቀጠል አለና።

ለመሆኑ «በቂ ብርሃን» የሚባለው ስንት ነው? ይህን በቁጥር ለመመለስ መንገድ የከፈተው ሴሌኒየም የተባለው ንጥረ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1873 እንግሊዛዊው ዊሎቢ ስሚዝ የባሕር ውስጥ የቴሌግራፍ ገመድ ለመፈተሽ ሲገለገልበት፣ ብርሃን ሲያርፍበት ኤሌክትሪክ የማሳለፍ ችሎታው እንደሚጨምር አስተዋለ። በ1932 የአሜሪካው ዌስተን ኩባንያ ለፎቶ አንሺዎች የሴሌኒየም መለኪያ ለገበያ አቀረበ። ባትሪ አይሻም፤ ከሚያርፍበት ብርሃን ራሱ ጥቂት ኤሌክትሪክ ያመነጭና መርፌዋን ይገፋታል። የፋብሪካና የቢሮ ብርሃን መለኪያዎችም ለብዙ ዘመን የሠሩት በዚሁ ብልሃት ነው። ጉዳቱ እርጅና ነው፤ ያን ጊዜ መርፌዋ ትሰንፍና ያለውን ብርሃን አሳንሳ ታወራለች።

የፎቶ መለኪያ አብዛኛውን ጊዜ ከዕቃው ተንፀባርቆ የሚመጣውን ብርሃን ይለካል፤ የሥራ ቦታው መለኪያ ግን ሥራው ላይ ተጋድሞ የሚወርድበትን። ልዩነቱ ዱንጉዛ ለሚሠራ ሰው ቶሎ ይገባዋል። በነጭ ጥጥና በጥቁር ክር ላይ የሚወርደው ብርሃን እኩል ሊሆን ይችላል፤ ጥቁሩ ግን አብዛኛውን ውጦ ያስቀረዋል።

ልኩ ሉክስ ይባላል። አንድ ሻማ በ1 ሜትር ርቀት 1 ሉክስ ያህል ይሰጣል፤ በ2 ሜትር ሩቡ ብቻ ይቀራል። የአውሮፓ መመዘኛ ለሽመና 500፣ ለጨርቅ ፍተሻ 1,000 ሉክስ ይጠይቃል። የቀትር ፀሐይ ወደ 100,000 ይደርሳል፤ ደጅ የሚሸምን ሰው እንግዲህ ከየትኛውም ፋብሪካ በልጧል፣ እስኪመሽ ድረስ።

ኢትዮጵያ ስለ ሥራ ደኅንነትና ጤንነት የወጣውን ዓለም አቀፍ ስምምነት ቁጥር 155 እ.ኤ.አ. በ1991 አጽድቃለች። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ም አሠሪው የሠራተኛውን ጤንነት እንዲጠብቅ ያስገድዳል፤ ተቆጣጣሪም አለው። አዋጁ የሚሠራው ግን የቅጥር ውል ባለበት ነው። አርባ ምንጭ ከተማ ፋብሪካ ውስጥ የተቀጠረች ፈታይ አሠሪ አላት። ጨንቻ ላይ፣ ወይም የጋሞ ሸማኔዎች በሰፈሩበት በአዲስ አበባው ሽሮ ሜዳ፣ በግሉ የሚሸምነው ሰው ግን አሠሪውም ተቀጣሪውም ራሱ ነውና፣ መለኪያ ይዞ ደጁን የሚያንኳኳ ተቆጣጣሪ የለውም።