የመስኮት መቃን እንደ ታሪክ ማስረጃ፦ ስለ አዲስ አበባ አሮጌ ቤቶች



ስለ አንድ አሮጌ ቤት ስናጠና ማን እንዳሠራውና ማን እንደኖረበት እንጠይቃለን። ዛሬ የማነሣው ጥያቄ ከዚህ ያነሰ ይመስላል፦ የመስኮቱ መቃን ሲበሰብስ በምን ይተካ? ምርጫው ለባለቤቱና ለአናጢው ብቻ ሲተው ግን የታሪክ ምሁሩ የማይመለስ ማስረጃ ያጣል።

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች በኋላ የመጀመሪያዎቹ ትልልቅ ቤቶች በድንጋይ፣ በጭቃና በእንጨት ተሠሩ። የአገሬው ባለሙያ ከህንድና ከአርመን ግንበኞች ጋር አብሮ ሠርቷል፤ በየሰገነቱ የምናየው የእንጨት ጌጥ የዚህ ቅልቅል ፍሬ ነው። መቃኑ የተሠራበት እንጨትም ይናገራል። ጥድ ምስጥን ይቋቋማል፤ ዝግባ ለመላግ ይመቻል፣ ለምስጥ ግን ይሸነፋል። በአካባቢው ያለው የአገር በቀል ደን ሲመናመን ባሕር ዛፍ ቦታውን ያዘ፤ እርሱም በደንብ ካልደረቀ ይጣመማል። ስለዚህ አንድ ቤት ውስጥ የጥድና የባሕር ዛፍ መቃን ጎን ለጎን ሲገኙ፣ የኋለኛው የጥገና ምልክት ሊሆን እንደሚችል እጠረጥራለሁ። መስታወቱም እንዲሁ ነው። ባቡር አዲስ አበባ የደረሰው በ1909 ዓ.ም. ነው፤ ከዚያ በፊት ተሰባሪ ዕቃ በጭነት ከብት መምጣት ነበረበት። በትንንሽ መስታወት የተከፋፈለ መስኮት ስመለከት ከውበቱ በፊት መንገዱ ትዝ ይለኛል።

ከዚያ ወዲህ የብረት መስኮት ተስፋፋ። የ1967ቱ አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት ሲያደርግ ደግሞ ጥያቄው መልኩን ለወጠ፦ ቤቱ የእርሱ ያልሆነ ተከራይ ለምን ወጪ አውጥቶ መቃን ያድሳል? ብዙ መስኮቶች በቆርቆሮ የተደፈኑት በቸልተኝነት ብቻ አይደለም።

ዛሬ አሉሚኒየም ይቀርባል። ቀለም አይሻም፣ አይበሰብስም፤ ክርክሩ ቀላል አይደለም። ነገር ግን የጭቃ ግድግዳ እርጥበት ይስባል፣ መልሶም ይተነፍሳል። አዲሱን መቃን ለማሰር ዙሪያውን በሲሚንቶ ሲለስኑት ውኃው መውጫ አጥቶ ጭቃውን ከውስጥ ያላላዋል። እኔ የምመርጠው ይህን ነው፦ አብዛኛውን ጊዜ የሚበሰብሰው ዝናብ የሚያርፍበት የታችኛው አግዳሚ ስለሆነ፣ እርሱን ብቻ ቆርጦ በደረቅ ጥድ መቀጠል።

የ1956 ዓ.ም. የቬኒስ ቻርተር የተተካው ክፍል ከነባሩ ጋር እንዲስማማ፣ ሆኖም ተለይቶ እንዲታወቅ ይጠይቃል። የአገራችን አዋጅ ቁጥር 209/1992ም ቅርስ ከመጠገኑ በፊት ፈቃድ እንዲጠየቅ ያዝዛል። ማንም ቅርስ ብሎ ያልቆጠረው ተራ ቤት ግን ከዚህ ጥላ ውጭ ይቀራል፤ የከተማዋ ታሪክ ሰፊው ክፍል ያለውም እዚያ ነው። ስለዚህ ለተማሪዎቼ የምሰጠው ሥራ አንድ ነው፦ መቃን ሲነቀል ካያችሁ ልኩን ውሰዱ፣ ፎቶ አንሡት፣ ከእንጨቱም አንዲት ቁራጭ ለምናችሁ አስቀሩ።