ስማቸው ያልተጻፈ ግንበኞች

የፋሲልን ግንብ ሊጎበኝ የሚመጣ ሰው ሁሉ ማን እንዳሠራው ይጠይቃል። እኔ ከረዳትነት ተነሥቼ ግንበኛ፣ ቀጥሎም ካቦ የሆንሁ ሰው ነኝ። 32 ሜትር ወደ ላይ የቆመውን ያን ግንብ ባየሁ ቁጥር ድንጋዩን ተሸክሞ የወጣው ማን እንደ ነበር፣ የወደቀውስ የት እንደ ተቀበረ አስባለሁ።

አፄ ፋሲለደስ ጎንደርን መናገሻቸው ያደረጉት በ1628 ዓ.ም. ገደማ ነው። በኖራ መገንባት ከአባታቸው ከአፄ ሱስንዮስ ዘመን ጀምሮ እየታወቀ መጥቶ ነበር። የኖራው ድንጋይ በእሳት ይቃጠላል፣ ውኃ ሲነካው ይፈላል፤ የተፈናጠረው ዓይን ያጠፋል፣ እጅ ይልጣል። ጥቁሩን ድንጋይ የጠረቡት፣ እንጨቱን ያቆሙት፣ ብረቱን የቀጠቀጡት አብዛኞቹ ሙያተኞች ቤተ እስራኤል እንደ ነበሩ የታሪክ ጸሐፊዎች ይመሰክራሉ። ሆኖም በ1660 ዓ.ም. በአፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን የተደረገው ጉባኤ ሰፈራቸው ከክርስቲያኑ እንዲለይ ወሰነ። አገሬውም በሙያቸው እየተጠቀመ ቡዳ ናቸው ይላቸው ነበር። ዜና መዋዕሉ የነገሥታቱን ሥራ ሲዘረዝር ከመወጣጫ ላይ የወደቀውን ሰው አያነሣም።

ጣሊያን ከ1928 እስከ 1934 ዓ.ም. ጎንደርን ሲይዝ ፒያሳን፣ ፖስታ ቤቱንና ሲኒማውን ሠራ። ከደባርቅ ወደ ታች የሚጠማዘዘውን የሊማሊሞን መንገድም ከገደሉ ላይ ፈለፈለ። በዚያ መንገድ የሄደ ሰው ጠርዙን አይቶ ልቡ ይርዳል፤ ጠርዙን የቆረጡትን ሰዎች ስም የሚነግረው ግን አንድም ሐውልት የለም።

ሕጉ ከዚያ በኋላ መጣ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም እንኳ በሥራ ላይ ለደረሰ አደጋ ኃላፊ ነው አለ። ዛሬ የሚሠራበት የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የአደጋ መከላከያ ዕቃ ማቅረብን፣ ሠራተኛውን ስለ አደጋው ማስተማርን፣ የደረሰን አደጋ መዝግቦ ማሳወቅን የአሠሪው ግዴታ አድርጓል። ለዘለቄታው ሙሉ በሙሉ መሥራት ላቃተውና ጡረታ ለሌለው ሰው የአምስት ዓመት ደመወዙን ካሣ ይፈቅዳል።

ሕጉ ይህን ቢልም አብሮኝ ይሠራ የነበረ አንድ ረዳት የደረሰበትን ልንገራችሁ። ከዳባት ወገን የመጣ ልጅ ስለ ነበር ሁላችንም «ዳባት» እንለው ነበር። ሌሊቱን ክረምቱ ሲያጥበው ያደረ የአጣና መወጣጫ ጠዋት ባሬላ ይዞ ሲራመድበት ተሰበረ፤ ከሦስተኛው ወለል ወደቀና ወገቡ ተጎዳ። ከእኛ መካከል የአባቱን ስም የሚያውቅ አልተገኘም። የቀን ሒሳቡን በእጁ ስለሚቀበል የፈረመበት ወረቀት አልነበረውም። ካሣው የሚሰላው በደመወዝ ነው፤ ደመወዙን የሚያሳይ መዝገብ ስለ ሌለ ሕጉ ሊደርስለት አልቻለም። እኛ አዋጥተን ወደ ቤተሰቡ ሸኘነው።

ከዚያ ወዲህ ዝናብ ባደረ ቁጥር ማንም ሳይወጣ በፊት መወጣጫውን ራሴ እፈትሻለሁ። የተሰነጠቀ አጣና አስነቅላለሁ፤ ሁለተኛ ጊዜ የተመታ ሚስማር አላምንም። መርገጫው ጣውላ ሁለት ሰው ባሬላ ይዞ የሚያልፍበት ስፋት እንዲኖረው አደርጋለሁ። አሸዋ የሚያመላልሱትን ሴቶች ግንብ ከሚሠራበት በታች አላሳልፍም። ይህን ሁሉ ያስተማሩኝ አሮጌ ግንበኞች ናቸው፤ የጥንቶቹም ያውቁት እንደ ነበር አልጠራጠርም። ያጡት ዕውቀት አይደለም፤ ስማቸውን የሚጽፍና ስለ ሕይወታቸው የሚጠየቅ ሰው ነው።

በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ይባላል። የቀን ሠራተኛ ጠዋት ሲመጣ ባሬላ ከመያዙ በፊት ሙሉ ስሙ፣ የቀን ክፍያውና የቅርብ ዘመዱ ስልክ መዝገብ ላይ ይስፈር፤ እሱም ይፈርም። ይህ ደብተርና እስክሪብቶ እንጂ ሌላ ወጪ የለውም። አሠሪውም የጻፈውን ስም መጠበቅ ግዴታው ይሆናል። ጎንደር ለአራት መቶ ዓመት ያህል የገነባላትን ሰው ስም ሳትጽፍ ኖራለች፤ ዛሬ ሕንፃ የምናቆም ሰዎች ግን የምንጽፍበት ሕግም አቅምም አለን።