የክፍል አስተባባሪና የልብ ሞኒተር ቴክኒሺያን

የክፍል አስተባባሪና የልብ ሞኒተር ቴክኒሺያን በአሜሪካ ሆስፒታሎች፣ በተለይም የልብ ሕሙማን ተኝተው በሚታከሙባቸው ክፍሎች የሚገኙ ሁለት የሥራ መደቦች ናቸው። አስተባባሪው የክፍሉን ስልክ፣ መዝገብና የታካሚዎች መግቢያና መውጫ ያስተናግዳል። ቴክኒሺያኑ የብዙ ታካሚዎችን የልብ ምት በስክሪን ላይ ያለማቋረጥ ይከታተላል። አንዳንድ ሆስፒታሎች ለየሥራው የተለየ ሰው ሲመድቡ፣ ሌሎች ሁለቱንም በአንድ ሠራተኛ ትከሻ ላይ ያሳርፋሉ። ሁለቱም መድኃኒት አይሰጡም፣ ምርመራ አያዙም፤ ሐኪምና ነርስ ወደ ታካሚው አልጋ በጊዜ የሚደርሱት ግን አብዛኛውን ጊዜ በእነርሱ ንቃት ነው።

አመጣጥ

የአስተባባሪነት ሥራ የተስፋፋው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን የነርስ እጥረት ሲያይል ነው። ነርሶች ለታካሚው እንዲተርፉ የጽሕፈቱ ሥራ ለሌላ ሠራተኛ ተላለፈ። የሙያው ብሔራዊ ማኅበር የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1980 ነው።

የሞኒተር ሥራ ሥር የሚመዘዘው ከኔዘርላንዳዊው ሐኪም ቪለም አይንትሆቨን ነው። የልብን ኤሌክትሪክ በመስመር የሚጽፍ መሣሪያ በማበርከቱ እ.ኤ.አ. በ1924 የኖቤል ሽልማት አግኝቷል። ቢሆንም ለብዙ አሥርት ዓመታት ድንገተኛ የልብ ሕመም የያዛቸው ሰዎች በየክፍሉ ተበታትነው ይተኙ ስለነበር፣ ልባቸው ሲቆም የሚያይ ሰው አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ እነዚህን ታካሚዎች በአንድ ቦታ ሰብስቦ ሌት ተቀን የሚከታተል ልዩ ክፍል ተጀመረ፤ ከቀዳሚዎቹ አንዱን ሐኪሙ ሂዩዝ ዴይ እ.ኤ.አ. በ1962 በካንሳስ ሲቲ ከፍተዋል። በኋላ ቴሌሜትሪ የተባለው የርቀት ክትትል ሲስፋፋ፣ ታካሚው ኪሱ ውስጥ በሚይዘው ትንሽ ማሰራጫ አማካይነት እየተራመደም ምቱ በሩቅ ይታይ ጀመር።

የአስተባባሪው ሥራ

አስተባባሪው የሚቀመጠው በነርሶች ጠረጴዛ ዘንድ ነው። ታካሚው ከአልጋው የጥሪ ደወል ሲጫን መልስ ይሰጣል፤ ከላቦራቶሪ፣ ከራጅ ክፍልና ከፋርማሲ የሚመጣውን ስልክ ለሚመለከተው ያደርሳል፤ አዲስ ታካሚ ሲመጣ አልጋ ያስይዛል፤ ተረኛ ሐኪም ይጠራል። የአንድ ሰው ልብ ሲቆም የድንገተኛ ቡድኑን የሚጠራው ብዙ ጊዜ እርሱ ነው። የተጨነቀ ቤተሰብም በመጀመሪያ የሚያናግረው እርሱን ነው።

የሞኒተር ቴክኒሺያኑ ሥራ

ቴክኒሺያኑ ምቱን ሲያነብ መለኪያ አለው። በተለመደው ፍጥነት በሚታተም ወረቀት ላይ አንድ ትንሽ ካሬ 0.04 ሰከንድ፣ አንድ ትልቅ ካሬ ደግሞ 0.2 ሰከንድ ነው። ምቱ በደቂቃ ከ60 እስከ 100 መሆኑን፣ ከላይኛው የልብ ክፍል ወደ ታችኛው የሚተላለፈው መልእክት ከ0.12 እስከ 0.20 ሰከንድ መውሰዱን ይለካል፤ ቁራጩን አትሞ በመዝገብ ያስቀምጣል። ምቱ ሥርዓቱን ሲለቅ ወይም ሲዘገይ ለነርሷ ያሳውቃል። ቬንትሪኩላር ፊብሪሌሽን (የታችኛው የልብ ክፍል እየተርገበገበ ደም መርጨት የሚያቆምበት ሁኔታ) ከታየ ግን የሚጠበቅ ነገር የለም፤ የደረት መጫንና የኤሌክትሪክ ንዝረት ካልተሰጠ የመዳን ዕድል በየደቂቃው ከ7 እስከ 10 በመቶ ይቀንሳል።

ስክሪን ግን ያታልላል። ታካሚው ጥርሱን ሲቦርሽ የእጁ እንቅስቃሴ ገዳይ ሊሆን የሚችለውን ቬንትሪኩላር ታኪካርዲያ (ከታችኛው የልብ ክፍል የሚነሣ ፈጣን ምት) ሊመስል ይችላል። ከደረቱ የተላቀቀ ኤሌክትሮድ ደግሞ ልብ የቆመ ያስመስላል። በዚህ ጊዜ ቴክኒሺያኑ በግምት አይፈርድም፤ ወዲያው ደውሎ ታካሚው በዓይን እንዲታይ ያደርጋል።

የማንቂያ መሰላቸት

የሞኒተር ሥራ ትልቁ ፈተና መሣሪያው የሚያሰማው ማንቂያ ራሱ ነው። የሆስፒታሎችን ጥራት የሚመዝነው ጆይንት ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው ማስጠንቀቂያ፣ ከማንቂያ ድምፆች ከ85 እስከ 99 በመቶ የሚሆኑት የሕክምና እርምጃ እንደማይጠይቁ ገልጿል። እ.ኤ.አ. ከ2009 እስከ 2012 አጋማሽ ከማንቂያ ጋር የተያያዙ 98 አደጋዎች ሪፖርት እንደተደረጉለት፣ ከእነዚህም 80ው በሞት እንዳበቁ አስታውቋል። ጆሮ ሐሰተኛውን ድምፅ ሲለምድ እውነተኛውም ያመልጠዋል። ስለዚህ የማንቂያውን ወሰን ለየታካሚው ማስተካከልና ኤሌክትሮዶችን በየጊዜው መቀየር እንደ ሕክምና ሥራ ይታያል።

ሥልጠና

ለሁለቱም ሥራዎች በአብዛኛው የሚጠየቀው የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ማጠናቀቅ ነው። ለሞኒተር ደግሞ የልብ ምት ንባብ ኮርስና መሠረታዊ የሕይወት ማዳን ሥልጠና ይጨመራል። ለሁለቱም ሙያዎች የብቃት ማረጋገጫ ፈተናዎች አሉ። ብዙዎች ከዚህ ተነሥተው ወደ ነርስነት ይሻገራሉ።

ሁለቱ ሥራዎች በአንድ ሰው

ሁለቱን ማጣመር ለአነስተኛ ክፍሎች ወጪ ይቆጥባል፤ ምቱን ያየው ሰው ራሱ ስልኩን አንሥቶ መጥራት በመቻሉም የመልእክት መንገድ ያጥራል። ይሁንና ሥራዎቹ የሚጠይቁት ትኩረት ይጋጫል። አስተባባሪ ጥሩ የሚባለው ቀና ብሎ ለመጣው ሁሉ መልስ ሲሰጥ ነው፤ የሞኒተር ሠራተኛ ደግሞ ዓይኑን ከስክሪኑ ሳያነሣ ሲከታተል ነው። አንዱን በደንብ መሥራት ሌላውን መተው ይሆናል። በዚህም ምክንያት በርካታ ሆስፒታሎች ክትትሉን ስልክና እንግዳ ወደማይደርስበት ማዕከላዊ ክፍል ወስደዋል። ሁለቱ በአንድ ሰው በሚሠሩበት ቦታ፣ ያ ሰው ለምሳም ሆነ ለሌላ ጉዳይ ከመነሣቱ በፊት ስክሪኑን በስም ለሌላ የሠለጠነ ሰው ማስረከብ ይኖርበታል።