ፈጣን ማየል፦ አውሎ ነፋስ በሰዓታት ውስጥ ሲበረታ

ቃሉ፦ ፈጣን ማየል

የመጣበት፦ በእንግሊዝኛ «ራፒድ ኢንቴንሲፊኬሽን» ከሚባለው የሚቲዎሮሎጂ ስያሜ

ፍቺው፦ የአንድ የሐሩር ክልል አውሎ ነፋስ ከፍተኛ የነፋስ ፍጥነት በ24 ሰዓት ውስጥ ቢያንስ በ30 ኖት፣ ማለትም በሰዓት በ55 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲጨምር ፈጣን ማየል ይባላል።

ቃሉ የሚገልጸውን ነገር በቅርባችን ያሳየን ሳይክሎን ጋቲ ነው። ኅዳር 13 ቀን 2013 ዓ.ም. በሶማሊያ ሰሜን ምሥራቅ ጠረፍ፣ በሐፉን አካባቢ ወደ የብስ ገባ። በአሜሪካ ጦር የታይፉን ማስጠንቀቂያ ማዕከል ግምት መሠረት፣ የነፋሱ ፍጥነት በሰዓት ከ65 ኪሎ ሜትር ገደማ ተነሥቶ 185 ለመድረስ የፈጀበት 12 ሰዓት ብቻ ነው። መስፈርቱ በአንድ ቀን 55 ይላል፤ ጋቲ በግማሽ ቀን የዚያን እጥፍ አለፈ። በሃሪኬን ጉልበት ሶማሊያን የመታ፣ በመዝገብ የተያዘ የመጀመሪያው አውሎ ነፋስም ሆነ። ስሙን ያቀረበችው ሕንድ ስትሆን ትርጉሙም «ፍጥነት» ነው።

ለምን «ማየል»?

በዜና የተለመደው «መጠናከር» ነው። ነገር ግን ግንኙነትም ይጠናከራል፣ ጥበቃም ይጠናከራል፣ ተቋምም ይጠናከራል፤ ቃሉ ብዙ ጊዜ በጎ ነገርን ይጠቁማል። ሕዝቡ ስለ ነፋስና ስለ ዝናብ ሲናገር «ነፋሱ አየለ»፣ «ዝናቡ እያየለ ሄደ» ይላል። የሚያስፈራው ነገር ስም ከዚያው ቢወጣ ጆሮ ቶሎ ይይዘዋል። «ድንገተኛ ማየል» ማለትም ይቻል ነበር፤ ሆኖም «ድንገተኛ» ምልክት ሳይሰጥ የመጣን ነገር ያሳስባል። ፈጣን ማየል ግን የሚያመቻቹት ሁኔታዎች አሉት፤ ሳተላይቶችም አብዛኞቹን ማየት ይችላሉ።

አውሎ ነፋስ እንዲያይል የሚያደርገው ምንድን ነው?

የመጀመሪያው የባሕሩ ሙቀት ነው። የሐሩር ክልል አውሎ ነፋስ በአብዛኛው የሚወለደው የባሕሩ ገጽ 26.5 ዲግሪ ሴልሺየስና ከዚያ በላይ ሲሆን ነው። ለፈጣን ማየል ግን የገጹ ሙቀት ብቻውን አይበቃም፤ ሙቀቱ ወደ ታች ምን ያህል እንደዘለቀ ወሳኝ ነው። ነፋሱ ባሕሩን ሲያናውጥ የታችኛውን ውሃ ወደ ላይ ያወጣል። የሞቀው ንጣፍ ስስ ከሆነ ቀዝቃዛው ውሃ ይወጣና የማዕበሉ፣ ማለትም የአውሎ ነፋሱ፣ ጉልበት ይደክማል። ጭራሮ ቦግ ብሎ ይጠፋል፣ የግራር ግንድ ግን ሌሊቱን ሙሉ ይነድዳል፤ ጥልቅ የሞቀ ባሕርም ለአውሎ ነፋስ እንደ ግንዱ ነው።

ሁለተኛው በታችኛውና በላይኛው አየር መካከል ያለው የነፋስ ልዩነት ነው። ከላይ የሚነፍሰው ከታችኛው በአቅጣጫና በፍጥነት በጣም ከተለየ የማዕበሉን አናት ከእግሩ ነጥሎ ያዘነብለዋል። ልዩነቱ ሲያንስ ማዕበሉ ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ ሙቀቱንም በማዕከሉ ያከማቻል። ሦስተኛው በመካከለኛው ከፍታ ያለው እርጥበት ነው፤ ደረቅ አየር ሰርጎ ከገባ ደመናው ይፈርሳል።

ሳተላይቶቹ ምን ያያሉ?

የመጀመሪያዋ የተሳካላት የአየር ሁኔታ ሳተላይት ታይሮስ-1 እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 1 ቀን 1960 መጠቀች። ከዚያ በፊት በባሕር መካከል የተነሣ አውሎ ነፋስ መርከብ ካላጋጠመው ወይም ደሴት ካልመታ ማንም ሳያውቀው ሊያልፍ ይችል ነበር።

ዛሬ ሥራውን ሁለት ዓይነት ሳተላይቶች ይካፈሉታል። አንደኛዎቹ ከምድር ወገብ በላይ 36,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀው ከምድር ጋር እኩል ስለሚዞሩ አንድ አካባቢን ያለማቋረጥ ይመለከታሉ። ምሥራቅ አፍሪካንና የሕንድ ውቅያኖስን የሚመለከተው የአውሮፓው ሜቴዎሳት በየ15 ደቂቃው ምስል ይልካል። ታህተ ቀይ ጨረር ስለሚያነብ የደመናውን አናት ቅዝቃዜ በሌሊትም ይለካል። አሜሪካዊው ቨርነን ድቮራክ በ1970ዎቹ የቀመረው ዘዴ በዚህ ላይ ይመሠረታል፤ የደመናውን አጠቀላለልና በዐይኑና በዙሪያው ባለው ደመና መካከል ያለውን የሙቀት ልዩነት አይቶ ለማዕበሉ ከ1 እስከ 8 ቁጥር ይሰጠዋል። ዐይኑ ሲሞቅ፣ ዙሪያው ያለው ደመናም ሲቀዘቅዝ ቁጥሩ ይጨምራል። የነፋስ መለኪያ በሌለበት ባሕር ላይ የአውሎ ነፋስ ጉልበት እስከ ዛሬ በዋናነት የሚገመተው በዚህ ዘዴ ነው።

ሁለተኛዎቹ ከዋልታ ወደ ዋልታ በመቶዎች በሚቆጠር ኪሎ ሜትር ከፍታ የሚዞሩት ናቸው። በማይክሮዌቭ የሚሠሩት ከላይ የሸፈነውን ስስ ደመና አልፈው በውስጡ ያለውን የዝናብ ቅርጽ ያሳያሉ። በማዕከሉ ዙሪያ የተዘጋ የዝናብ ቀለበት ከታየ፣ ከላይ ሲያዩት ዐይኑ ገና ባይገለጥም፣ ማዕበሉ ሊያይል መዘጋጀቱን ይጠቁማል። ሌሎቹ ደግሞ የራዳር ሞገድ ወደ ባሕሩ ልከው ከመለሰላቸው ነጸብራቅ የነፋሱን ፍጥነትና አቅጣጫ ያሰላሉ። የባሕሩን ገጽ ከፍታ በሴንቲሜትር የሚለኩም አሉ። የሞቀ ውሃ ስለሚሰፋ፣ ከፍ ያለው ገጽ ከሥሩ ጥልቅ ሙቀት እንዳለ ይነግራቸዋል።

ታዲያ መተንበዩ ለምን ይቸግራል?

የማዕበሉ ጉዞ ከሚመራው ሰፊ የአየር ፍሰት ስለሚነበብ የአቅጣጫ ትንበያ ባለፉት አሥርት ዓመታት በእጅጉ ተሻሽሏል። ማየሉ ግን በዐይኑ ዙሪያ ባለች ጠባብ ቀለበት ውስጥ በሚሆነው ይወሰናል። የትንበያ ሞዴሎች ያችን ቀለበት አጥርተው ለማስላት ዝርዝር መረጃ ይፈልጋሉ። በዋልታ የሚዞር አንድ ሳተላይት ግን በአንድ ቦታ ላይ በቀን ቢበዛ ሁለት ጊዜ ያህል ነው የሚያልፈው። እንደ ጋቲ ያለ ትንሽ ስፋት ያለው ማዕበል በሁለት ማለፊያዎች መካከል መልኩን ሊለውጥ ይችላል። ናሳ እ.ኤ.አ. በ2023 ትሮፒክስ የተባሉ አራት ትንንሽ የማይክሮዌቭ ሳተላይቶችን ያመጠቀው ይህን ክፍተት ለማጥበብ ነው።

መረጃ በተሻለ በሚገኝበት አካባቢም ችግሩ አልተፈታም። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 2023 ሃሪኬን ኦቲስ በአንድ ቀን ውስጥ ከተራ የሐሩር ክልል ማዕበልነት ወደ ከፍተኛው እርከን፣ ወደ ምድብ 5፣ ወጥቶ የሜክሲኮዋን አካፑልኮ መታ። ሞዴሎቹ ይህን አላዩም ነበር። ወደ ማዕበሉ የገባው የመለኪያ አውሮፕላን ከተገመተው እጅግ በርትቶ ሲያገኘው ለከተማዋ የቀሯት ሰዓታት ጥቂት ነበሩ። በእኛ በኩል ባለው የሕንድ ውቅያኖስ ደግሞ ወደ ማዕበል እየገባ የሚለካ መደበኛ የአውሮፕላን ቅኝት የለም። በመሆኑም የጋቲ ጉልበት የተገመተው በአመዛኙ ከሳተላይት ነው። ለአካባቢው ኃላፊነት ያለበት የሕንድ ሚቲዎሮሎጂ መሥሪያ ቤት የሰጠው ቁጥር ከአሜሪካው ያነሰ ነበር። ለዚህ አንዱ ምክንያት ሁለቱ የነፋስን ፍጥነት የሚያሰሉበት የጊዜ ርዝመት መለያየቱ ነው፤ አሜሪካኖቹ የአንድ ደቂቃ፣ ሕንዶቹ የሦስት ደቂቃ አማካይ ይወስዳሉ።

ለእኛስ?

ኢትዮጵያ የባሕር ጠረፍ የላትም፤ የማዕበሉ ዳፋ ግን ይደርሳታል። በግንቦት 2010 ዓ.ም. ሳይክሎን ሳጋር በኤደን ባሕረ ሰላጤ አልፎ ሰሜን ምዕራብ ሶማሊያ ሲገባ ዝናቡ ጅቡቲንና ምሥራቅ ኢትዮጵያን አዳርሷል። በዚያው ወር ሳይክሎን መኩኑ ብዙ ኢትዮጵያውያን ወደሚሠሩባት ኦማን ገብቶ የሰላላን አካባቢ መታ። መኩኑ በዓረብ በረሃ ያወረደው ውሃ በጥቅምት 2011 ዓ.ም. ከመጣው ሳይክሎን ሉባን ጋር ተዳምሮ የበረሃ አንበጣ እንዲራባ ምቹ ሁኔታ ፈጠረ፤ መንጋው ከጊዜ በኋላ ወደ ሀገራችን የእርሻ ማሳዎች ደረሰ። የጋቲ ዝናብም በሰሜን ሶማሊያ ለአንበጣው እንደገና መራቢያ ሆነለት። ስለዚህ ስለ ዓረብ ባሕር የሚወጣ የሳተላይት መረጃ የጠረፍ ነዋሪን ብቻ ሳይሆን የሐረርጌንና የሶማሌ ክልልን አርሶ አደርና አርብቶ አደርም ይመለከታል።

አገባቡ

«ሳይክሎኑ በሚቀጥሉት 24 ሰዓታት በፍጥነት ሊያይል ይችላል» ለማስጠንቀቂያ፣ «ጋቲ ፈጣን ማየል ታይቶበታል» ለዘገባ ይሆናሉ። ቃሉ የፍጥነትን ጭማሪ እንጂ የማዕበሉን ትልቅነት ወይም የዝናቡን ብዛት አይለካም፤ ትንሽ ማዕበልም በፍጥነት ያይላል። ማስጠንቀቂያ የሚጽፍ ሰው የዛሬውን የነፋስ ፍጥነት ብቻ ጠቅሶ ከተወ አንባቢውን ያዘናጋዋል። በ65 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ነፋስ ጣሪያ ይነቀንቃል፤ በ185 የሚነፍሰው ቤቱን ያፈርሳል። በጋቲ ላይ በሁለቱ መካከል የነበረው ጊዜ ጀልባን ወደ ዳር ለማውጣትና ቤተሰብን ከጠረፍ ለማራቅ እንኳ የሚያጣድፍ ነበር። ፈጣን ማየል ይጠበቃል ከተባለ፣ የሚነሣ ሰው ነፋሱ ገና ሳይበረታ ይነሣ።