የቤዝቦል ማሊያ ለምን ይወደዳል? ገንዘቡስ ማን ኪስ ይገባል?

ዋሽንግተን ዲሲና አካባቢዋ ያላችሁ ተከታታዮቻችን ይህችን ታውቋታላችሁ። ልጅ ከትምህርት ቤት ይመጣና «አባዬ፣ የናሽናልስ ማሊያ ግዛልኝ» ይላል። ሱቅ ስትገቡ አንዱ ማሊያ 135 ዶላር አካባቢ ነው፣ አጠገቡ የተሰቀለው ደግሞ ከ300 ዶላር በላይ። ሁለቱም የናይኪ ምልክት አላቸው፣ ሁለቱም ላይ ያው የክለቡ ፊደል ነው። ታዲያ ልዩነቱ ምንድን ነው?

መጀመሪያ ሻጩን እንወቅ። ከ2020 ጀምሮ የሁሉንም 30 የሜጀር ሊግ ክለቦች ማሊያ የሚነድፈው ናይኪ ነው፤ የሚሰፋው ግን ፋናቲክስ የተባለ ሌላ ኩባንያ ነው። ፋናቲክስ የቀድሞውን አቅራቢ ማጀስቲክን በ2017 ገዝቶታል። የሊጉን የኢንተርኔት ሱቅ የሚያስተዳድረውም እሱ ራሱ ነው። ሊጉ ደግሞ በፋናቲክስ ውስጥ የባለቤትነት ድርሻ አለው። ሰፊውም፣ ነጋዴውም፣ ፈቃድ ሰጪውም አንድ ማዕድ ላይ የተቀመጡ ናቸው ማለት ነው። ዋጋው ከሱቅ ሱቅ ብዙም የማይለያየው ለዚህ ነው።

ዋጋው በሦስት እርከን ይከፈላል። ታች ያለው «ጌም» ይባላል፤ ለደጋፊ በሚመች ልክ የተሠራ ሲሆን ፊደሉና ቁጥሩ በአብዛኛው በሙቀት የተለጠፈ ነው። መካከለኛው «ሊሚትድ» ዋጋው በሁለቱ መካከል ነው። ላይኛው «ኤሊት» ተጫዋቾቹ ሜዳ ላይ የሚለብሱትን ዓይነት ነው፤ ከ300 ዶላር የሚዘለውም እሱ ነው። ልብ በሉ፣ ውድ ማለት የግድ የተሻለ ማለት አይደለም። በ2024 ናይኪ አዲስ ማሊያ ሲያወጣ ጀርባ ላይ ያለው የስም ፊደል አንሶ፣ ሱሪው ብርሃን አሳልፎ መሳቂያ ሆኖ ነበር። የተጫዋቾች ማኅበር ጥፋቱ የናይኪ ነው ብሎ ለአባላቱ ጻፈ። በ2025 ፊደሉ ወደ ትልቅነቱ ተመለሰ። በ2024 ኤሊቱን የገዛ ሰው ግን ትንሿን ፊደል ይዞ ቀረ።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ እንምጣ። 140 ዶላር ስትከፍሉ ገንዘቡ የት ይሄዳል? በችርቻሮ ንግድ የተለመደው አካሄድ ሱቁ በጅምላ የገዛበትን ዋጋ እጥፍ አድርጎ መሸጥ ነው። ስለዚህ የጅምላ ዋጋው 70 ዶላር ነው እንበል። አምራቹ በክለቡ ምልክት ለመጠቀም ከዚያ ላይ የፈቃድ ክፍያ ይከፍላል። በስፖርት ዕቃ ላይ ይህ ክፍያ አብዛኛውን ጊዜ አሥር በመቶና ከዚያ በላይ ነው። ለስሌት እንዲመቸን 12 በመቶ ብንይዝ 8 ዶላር ከ40 ሳንቲም ይሆናል። ይህ ብር ማሊያው ለተሸጠለት ክለብ አይሰጥም። ወደ ሊጉ የጋራ ቋት ገብቶ ለ30ዎቹ ክለቦች እኩል ይከፋፈላል። የእናንተ ክለብ ድርሻ 28 ሳንቲም ገደማ ነው! ክለቡ ከዚህ የተሻለ የሚያገኘው ስታዲየሙ ውስጥ ካለው የራሱ ሱቅ ስትገዙ ነው፤ የችርቻሮው ትርፍ እዚያ ይቀርለታልና።

ስለዚህ «ዶጀርስ ለሾሄይ ኦታኒ የሰጠውን 700 ሚሊዮን ዶላር በማሊያ ይመልሰዋል» ሲባል ብትሰሙ አትመኑ። እርግጥ ነው፣ በታኅሣሥ 2023 የኦታኒ ማሊያ በመጀመሪያዎቹ 48 ሰዓታት ሽያጭ የሊዮኔል ሜሲን ክብረ ወሰን እንደሰበረ ፋናቲክስ ተናግሯል። የዚያ የፈቃድ ክፍያ ግን ለዶጀርስ ተቀናቃኞችም እኩል ደርሷቸዋል።

ተጫዋቹስ? ስሙ ጀርባው ላይ ካለ ለተጫዋቾች ማኅበርም ይከፈላል። ማኅበሩ ገንዘቡን የሚያከፋፍለው እያንዳንዱ ተጫዋች በሊጉ በቆየባቸው ቀናት ልክ እንጂ በተሸጠው ማሊያ ብዛት አይደለም። ሙሉ ዓመት ተጠባባቂ ወንበር ላይ የተቀመጠውና ኮከቡ እኩል ይካፈላሉ። ባሪ ቦንድስ ይህ አልዋጥልህ ብሎት ከ2004 የውድድር ዘመን በፊት ከጋራ ስምምነቱ ወጥቶ ለብቻው መደራደር ጀምሮ ነበር።

የዲሲ ወላጆች ሌላም የሚያውቁት ነገር አለ፤ የስም ጣጣ። ሁዋን ሶቶ በ2019 ናሽናልስን ለሻምፒዮንነት ካበቁት አንዱ ነበር። 22 ቁጥር ማሊያውን ስንቱ ገዛ! ነሐሴ 2022 ላይ ወደ ሳን ዲዬጎ ተላከ፣ ከዚያ ወደ ኒው ዮርክ ያንኪስ፣ ከ2025 ጀምሮ ደግሞ ሜትስ። ልጅ ተጫዋቹን ልከተል ካለ በሦስት ዓመት ውስጥ አራት ማሊያ ሊፈልግ ነው። በነገራችን ላይ ያንኪስ ሜዳ ላይ በሚለብሱት መደበኛ ማሊያ ጀርባ ስም አይጽፉም። ስም ያለበት የያንኪስ ማሊያ ካያችሁ አብዛኛውን ጊዜ ለደጋፊ የተሠራ ነው።

ወጪ ለመቀነስ ስም የሌለውን ግዙ፤ ብዙ ጊዜ ይረክሳል፣ ተጫዋች ሲሸጥም አያረጅም። የውድድር ዘመኑ እስኪያልቅ የሚታገስ ሰው፣ በተለይ የተሸጠ ተጫዋች ማሊያ የማይከፋው ከሆነ፣ ጥሩ ቅናሽ ያገኛል። የቅናሽ ኮድ ስትጠቀሙ ግን ከታች በደቃቅ ፊደል የተጻፈውን አንብቡ፤ ማሊያ ብዙ ጊዜ ከቅናሹ ውጪ ነው። መንገድ ላይ በ40 ዶላር «ኦሪጅናል ነው» የሚላችሁ ካለ ደግሞ የሊጉ የሚያብረቀርቅ የሆሎግራም ምልክት መኖሩን አይታችሁ ወስኑ።