መሠረት ከመቆፈሩ በፊት፦ የፕላን ስምምነትና የግንባታ ፈቃድ እንዴት ይጠየቃል?

በክልላችን የከተሞች ወሰን ከዓመት ዓመት እየሰፋ ነው። በባሕር ዳር፣ በጎንደር፣ በደሴና በደብረ ብርሃን ዙሪያ ቀደም ሲል ይታረሱ የነበሩ ማሳዎች ወደ ከተማ ፕላን ክልል ገብተዋል። በዚህ የተነሳ አርሶ አደሩም ሆነ የከተማው ነዋሪ ሊያውቀው የሚገባ አንድ ጥያቄ አለ። ይህ መሬት በፕላኑ ላይ ለምን አገልግሎት ተመድቧል? የሚለው ነው።

ብዙዎች ይህን ጥያቄ የሚያነሡት ገንዘባቸውን አውጥተው፣ ድንጋይና አሸዋ አራግፈው፣ አንዳንዴም ጣሪያ ካለበሱ በኋላ ነው። ቦታው በፕላኑ ላይ ለመንገድ፣ ለአረንጓዴ ስፍራ ወይም ለጎርፍ መውረጃ የተተወ ሆኖ ሲገኝ የሚከተለው ማፍረስ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፣ ጉዳት ሳይደርስ በፊት ሊከናወን የሚገባውን ቅደም ተከተል በዚህ ጽሑፍ እንመለከታለን።

የከተማ ፕላን ምን ይዟል?

የከተሞች ፕላን የሚመራው በ2000 ዓ.ም. በወጣው የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574 ነው። በከተማ ደረጃ ሁለት ዋና ዋና የፕላን ዓይነቶች አሉ። የመጀመሪያው መዋቅራዊ ፕላን ሲሆን የከተማውን ወሰን፣ የዋና ዋና መንገዶችን መስመር፣ እንዲሁም የመኖሪያ፣ የንግድ፣ የኢንዱስትሪ፣ የአገልግሎትና የአረንጓዴ ስፍራዎችን አመዳደብ ያሳያል። የአገልግሎት ዘመኑም 10 ዓመት ነው። ሁለተኛው የአካባቢ ልማት ፕላን ይባላል። ይህ መዋቅራዊ ፕላኑን ወደ ሰፈር ደረጃ አውርዶ የውስጥ መንገዶችን፣ የሕንፃ ከፍታንና የቦታ አከፋፈልን በዝርዝር ይወስናል።

በፕላን ካርታ ላይ እያንዳንዱ ቀለም አንድ የመሬት አጠቃቀምን ይወክላል። የቀለሞቹ ትርጉም በካርታው ጥግ በሚገኘው መፍቻ ላይ ተጽፏል። ባለይዞታው ወደ ጽሕፈት ቤቱ ሲሄድ ቦታው በየትኛው ቀለም ውስጥ እንደሚገኝና በአጠገቡ የሚያልፍ የመንገድ መስመር መኖር አለመኖሩን ባለሙያው በካርታው ላይ እያመለከተ እንዲያስረዳው መጠየቅ ይገባዋል። ዛሬ በእግር የሚታለፍ ጠባብ መንገድ በፕላኑ ላይ ሰፊ አስፋልት ሆኖ ሊገኝ ይችላል። በዓይን የሚታየው የመሬቱ ሁኔታ ለውሳኔ በቂ አይደለም።

ሕጉ ፕላን ከመጽደቁ በፊት ረቂቁ ለሕዝብ ውይይት እንዲቀርብ ያዛል። በዚህ መድረክ መገኘት እጅግ ይጠቅማል። የውኃ መውረጃው በየት እንደሚያልፍ፣ ክረምት የትኛው ሜዳ እንደሚተኛበት፣ የከብት መንገዱና ምንጩ የት እንደሆነ ከአካባቢው አርሶ አደር የተሻለ የሚያውቅ የለም። ፕላኑ ከጸደቀ በኋላ መስመር ማስለወጥ አስቸጋሪ ነው፤ በረቂቁ ወቅት ግን አስተያየት ሊደመጥ ይችላል።

የመጀመሪያው እርምጃ፦ ይዞታን ማረጋገጥ

ማንኛውም የፈቃድ ማመልከቻ የሚጀምረው ከይዞታ ማስረጃ ነው። በከተማ ክልል ያለ ይዞታ በሁለት መንገድ ሊገኝ ይችላል። አንዱ ነባር ይዞታ ሲሆን ሌላው በ2004 ዓ.ም. በወጣው የከተማ ቦታ በሊዝ ስለመያዝ አዋጅ ቁጥር 721 መሠረት የተገኘ የሊዝ ይዞታ ነው። በነባር ይዞታ ላይ ያለ ቤት ከውርስ ውጭ በሆነ መንገድ፣ ለምሳሌ በሽያጭ፣ ለሦስተኛ ወገን ሲተላለፍ ገዢው ቦታውን የሚይዘው በሊዝ ሥርዓት ነው። ስለዚህ ቤት የሚገዛ ሰው ከሽያጩ ዋጋ በተጨማሪ የሚመጣበትን የሊዝ ክፍያ አስቀድሞ ማስላት ይኖርበታል።

አመልካቹ በካርታው ላይ የሰፈረው ስፋት መሬት ላይ ካለው ጋር መጣጣሙን፣ ይዞታው የዕዳ ወይም የፍርድ ቤት እግድ የሌለበት መሆኑን ማረጋገጥ አለበት። ይዞታው የባልና የሚስት የጋራ ከሆነ የሁለቱም ስምምነት ያስፈልጋል። ባለይዞታው ከሞተ ደግሞ ወራሾች አስቀድመው የወራሽነት ማስረጃ ማውጣትና ስሙን ማዛወር ይጠበቅባቸዋል። በሟች ስም የቀረበ ማመልከቻ ወደፊት አይሄድም።

ሁለተኛው እርምጃ፦ የፕላን ስምምነት

የፕላን ስምምነት ማለት ሊሠራ የታሰበው ነገር ከከተማው ፕላን ጋር እንደሚጣጣም የሚሰጥ የጽሑፍ ማረጋገጫ ነው። የሚጠየቀውም ለከተማው ማዘጋጃ ቤት ወይም የሕንፃ ፈቃድ ሥራን ለሚመራው ጽሕፈት ቤት ሲሆን አመልካቹ የተዘጋጀውን ቅጽ ሞልቶ፣ የይዞታ ማረጋገጫውንና መታወቂያውን አያይዞ ያቀርባል። ባለሙያ ቦታውን በአካል ሊያይ ስለሚችል የወሰን ድንጋዮቹ አስቀድመው ተለይተው ቢቆዩ ሥራውን ያቀልላል።

አመልካቹ ከሚሰጠው ማረጋገጫ ላይ የሚከተሉትን በጥንቃቄ ማንበብ አለበት።

• ለቦታው የተፈቀደው አገልግሎት ምን እንደሆነ፤
• ከስንት ፎቅ እስከ ስንት ፎቅ መሥራት እንደሚቻል፤
• ከመንገድና ከጎረቤት ወሰን ምን ያህል ርቀት መተው እንዳለበት፤
• ከቦታው ስፋት ውስጥ በሕንፃ የሚሸፈነው ድርሻ ምን ያህል እንደሆነ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በብርቱ ሊሰመርበት ይገባል። የሕንፃ ንድፍ የሚሠራው ከዚህ ማረጋገጫ በኋላ ነው። አስቀድሞ ንድፍ ያሠራ ሰው ቦታው ለምሳሌ ከሁለት ፎቅ በታች የማይፈቅድ ሆኖ ሲገኝ የከፈለው ገንዘብ ባክኖ ይቀራል።

ሦስተኛው እርምጃ፦ የግንባታ ፈቃድ

በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ሕንፃዎችን በሦስት ምድብ ከፍሏል። በምድብ «ሀ» የሚጠቃለሉት ቀለል ያሉ ባለ አንድ ፎቅ ሕንፃዎችና ከሁለት ፎቅ በታች የሆኑ መኖሪያ ቤቶች ናቸው። በምድብ «ለ» ሁለት ፎቅና ከዚያ በላይ የሆኑ፣ ነገር ግን በ«ሐ» ያልተካተቱ ሕንፃዎች ይገባሉ። ምድብ «ሐ» የሕዝብ መገልገያና የተቋም ሕንፃዎችን፣ ፋብሪካዎችንና ወርክሾፖችን፣ እንዲሁም ከ12 ሜትር በላይ ከፍታ ያላቸውን ሕንፃዎች ይይዛል። ምድቡ ከፍ ባለ ቁጥር የሚጠየቀው ንድፍና የባለሙያ ደረጃም ከፍ ይላል።

አብዛኛውን ጊዜ የሚቀርቡት ሰነዶች የይዞታ ማረጋገጫ፣ የፕላን ስምምነት፣ እንደ ሕንፃው ምድብ በተመዘገቡ ባለሙያዎች የተዘጋጁ የአርክቴክቸር፣ የስትራክቸር፣ የኤሌክትሪክና የሳኒተሪ ንድፎች፣ እንዲሁም የአገልግሎት ክፍያ ደረሰኝ ናቸው። ለከፍተኛ ሕንፃዎች የአፈር ምርመራ ውጤት ይጨመራል።

የአፈሩ ነገር ለአነስተኛ ቤትም ቢሆን ሊናቅ አይገባም። ዋልካ መሬት ክረምት ውኃ ሲጠጣ ያብጣል፤ በጋ ሲደርቅ ደግሞ ይሰነጠቃል። ሰብል ሲዘራበት የኖረ ሰው ይህን ጠባዩን ጠንቅቆ ያውቀዋል። በዚህ መሬት ላይ ጥልቀት በሌለው መሠረት የቆመ ግድግዳ ከጥቂት ክረምት በኋላ ይሰነጠቃል። ስለሆነም የቦታውን የቀድሞ ጠባይ ለንድፍ ባለሙያው መንገር ይገባል።

ፈቃዱ ከተገኘ በኋላ ሥራው በጸደቀው ንድፍ መሠረት ብቻ መከናወን አለበት። በመካከል ክፍል መጨመር፣ ፎቅ መደረብ ወይም በረንዳን ወደ መንገድ ማውጣት ቢያስፈልግ አስቀድሞ የማሻሻያ ፈቃድ ይጠየቃል። በሊዝ የተያዘ ቦታ ከሆነ የግንባታ መጀመሪያና ማጠናቀቂያ ጊዜ በውሉ ላይ ስለሚወሰን፣ ቀኑን መከታተል የባለይዞታው ኃላፊነት ነው። የሊዝ አዋጁ የማጠናቀቂያውን ጊዜ ለአነስተኛ ግንባታ እስከ 24 ወር፣ ለመካከለኛ እስከ 36 ወር፣ ለከፍተኛ እስከ 48 ወር አድርጎ አስቀምጧል።

መኖሪያ ቤትን ወደ ሌላ አገልግሎት መለወጥ

ቤቱ ተሠርቶ ያለቀ ቢሆንም አገልግሎቱን መለወጥ ፈቃድ ይጠይቃል። መኖሪያ ቤቱን ወፍጮ ቤት፣ ጋራዥ፣ የብረታ ብረት ሥራ ቤት ወይም የእንግዳ ማረፊያ ማድረግ የሚሻ ሰው ከንግድ ፈቃዱ በፊት የቦታውን የተፈቀደ አገልግሎት ማጣራት ይኖርበታል። ወፍጮ ድምፅና አቧራ ያመጣል፤ ጋራዥ የተቃጠለ ዘይት ያፈስሳል። የጎረቤት አቤቱታ ሥራ ከተጀመረ በኋላ ሲነሣ ማሽኑን ነቅሎ መውጣት ሊያስከትል ይችላል። በግቢ ውስጥ ከብት የሚያደልቡና ብዛት ያለው ዶሮ የሚያረቡ ነዋሪዎችም ይኸው ይመለከታቸዋል።

በሊዝ ይዞታ ላይ የአገልግሎት ለውጥ ውሉን ጭምር ይነካል። የሊዝ ዘመን እንደ አገልግሎቱ ይለያያልና። ከአዲስ አበባ ውጭ ባሉ ከተሞች ለመኖሪያ 99 ዓመት፣ ለኢንዱስትሪ 80 ዓመት፣ ለንግድ 70 ዓመት ሲሆን፣ ለከተማ ግብርና ግን በየትኛውም ከተማ 15 ዓመት ነው።

በከተማ ዳር የሚገኝ አርሶ አደር መብት

የአንድ ገጠር ቀበሌ መሬት ወደ ከተማ ፕላን ክልል መግባቱ ብቻውን የአርሶ አደሩን ይዞታ አያስቀርም። የኢፌዴሪ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 አርሶ አደሮች ከይዞታቸው ያለመነቀል መብታቸው የተጠበቀ መሆኑን ይደነግጋል። በመሬቱ ላይ በጉልበት ወይም በገንዘብ ለተፈራ ንብረትም መብት ይሰጣል። መሬቱ ለሕዝብ ጥቅም ሲፈለግ በሕግ የተወሰነ ሥርዓትና ካሳ አለ። በዚህ ጉዳይ በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161፣ በቋሚነት ለሚነሣ አርሶ አደር የልማት ተነሺ ካሳ መሬቱ ካለፉት ሦስት ዓመታት ከፍተኛ ገቢ በሰጠበት ዓመት የተገኘው ገቢ በ15 ተባዝቶ እንዲከፈል ደንግጓል። አዋጁ በ2016 ዓ.ም. ማሻሻያ ስለተደረገበት ባለይዞታው ካሳው ሲሰላ በሥራ ላይ ያለውን ድንጋጌ እንዲያሳዩት መጠየቅ አለበት።

ካሳው የሚሰላው በማስረጃ ነው። የይዞታ ደብተር፣ በተለይም የቦታው ካርታ ያለበት የሁለተኛ ደረጃ ደብተር፣ በእጅ መኖር አለበት። ባሕር ዛፍ፣ ጌሾ፣ ቡና፣ የፍራፍሬ ተክል፣ የጉድጓድ ውኃና የመስኖ ቦይ በቆጠራው ወቅት በዓይነትና በብዛት ተመዝግበው፣ ባለይዞታው አይቶና አንብቦ የሚፈርምባቸው ናቸው። የምርቱን መጠን የሚያሳይ የግብርና ጽሕፈት ቤት ወይም የኅብረት ሥራ ማኅበር ሰነድ ካለም መያያዝ አለበት።

አርሶ አደሩ በራሱ ማሳ ላይ ለልጁ ጎጆ መውጫ ቤት መሥራት ቢፈልግስ? የገጠር መሬት አጠቃቀም በክልሉ አዋጅ ቁጥር 252/2009 የሚመራ በመሆኑ የመጀመሪያው በር የቀበሌውና የወረዳው የመሬት አስተዳደርና አጠቃቀም ጽሕፈት ቤት ነው። ቦታው በፕላን ክልል ውስጥ ከገባ ግን የከተማው አስተዳደርም ፈቃድ ያስፈልጋል። ከአንዱ ጽሕፈት ቤት የተገኘ የቃል ይሁንታ ሌላውን አይተካም።

የመንደር ውል ያለው አደጋ

በከተሞች ዳርቻ የእርሻ መሬት እየተቆራረጠ በሽማግሌ ፊት በሚጻፍ ወረቀት ይሸጣል። ሽያጭ እንዳይባልም የብድር ወይም የስጦታ ስም ይሰጠዋል። በኢትዮጵያ መሬት የማይሸጥ የማይለወጥ ስለሆነ ይህ ወረቀት ለገዢው ይዞታ አያስገኝለትም፤ ይዞታ ከሌለ የፕላን ስምምነትም ሆነ የግንባታ ፈቃድ የለም። በዚያ ላይ የሚቆመው የጨረቃ ቤት መብራትና ውኃ ለማስገባትም ሆነ ለካሳ ሲቀርብ ሕጋዊ መሠረት ያጣል።

ጉዳቱ ለሻጩም ነው። አርሶ አደሩ መሬቱ በሕግ ቢነሣ ኖሮ ሊያገኝ ይችል የነበረውን ካሳና ምትክ ድርሻ አሳልፎ ሰጥቶ፣ ገዢው ገንዘቤን መልስልኝ ብሎ ሲከስሰው ደግሞ የተቀበለውን አጥፍቶት ይገኛል። መሬቱ ያለቀበት፣ ገንዘቡም ያለቀበት ቤተሰብ የሚወለደው ከዚህ ነው።

ማመልከቻው ውድቅ ሲደረግ

ውሳኔው ከነምክንያቱ በጽሑፍ እንዲሰጥ መጠየቅ ተገቢ ነው። የቃል መልስ ይግባኝ አያስብልም። ምክንያቱ የሰነድ ጉድለት ከሆነ አሟልቶ እንደገና ማቅረብ ይቻላል። ከፕላኑ ጋር አለመጣጣም ከሆነ ንድፉን ማሻሻል ወይም ቦታው የሚፈቅደውን ሌላ አገልግሎት መምረጥ ያዋጣል። ውሳኔው ሕግን ያልተከተለ ነው ብሎ የሚያምን አመልካች በየደረጃው ለሚገኝ የበላይ ኃላፊና ለይግባኝ ሰሚ አካል ማቅረብ ይችላል። የአሠራር በደልን በተመለከተ የሕዝብ ዕንባ ጠባቂ ተቋም አቤቱታ ይቀበላል። የይግባኝ ጊዜ አጭር ስለሆነ ውሳኔው የደረሰበትን ቀን መዝግቦ መያዝ ያስፈልጋል።

ለማስታወስ ያህል

• ከመግዛትም ከመገንባትም በፊት ቦታውን በፕላን ካርታ ላይ ማየት፤
• የይዞታ ማስረጃን ወቅታዊ ማድረግና የትዳር አጋርን ስምምነት መያዝ፤
• በመጀመሪያ የፕላን ስምምነት፣ ቀጥሎ ንድፍ፣ ከዚያ የግንባታ ፈቃድ፤
• ማመልከቻው የገባበትን ቀንና የመዝገብ ቁጥር መያዝ፤ የእያንዳንዱን ሰነድ ቅጂ ማስቀረት፤
• ያለ ሕጋዊ ደረሰኝ ምንም ክፍያ አለመፈጸም፤
• «ሥራውን ጀምር፣ ወረቀቱ ይደርሳል» የሚልን ምክር አለመቀበል።

የፕላን ካርታውን አይቶ መመለስ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። በጥቂት ሰዓታት የሚገኘው መልስ የዓመታት ጥሪት የሚፈስበትን ውሳኔ ያቃናል።